ሳቁን አልቀየርከውም

በሥራ ቦታ ሁሉም «መጥረጊያ» ነበር የሚሏት። ክፉ አስበው አልነበረም። ስብሰባው በኢንተርኔት ነው፤ ሁሉም ፊቱን በካሜራ ያሳያል፣ እሷ ግን ካሜራዋን ከፍታ አታውቅም። በፊቷ ቦታ ራሷ የሣለችው መጥረጊያ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ይታያል። ለምን መጥረጊያ? ኃላፊዋ «የራስሽን ምስል አስገቢ እንጂ!» ብላ አጥብቃ በያዘቻት ቀን፣ ከጠረጴዛዋ ቀና ስትል ዓይኗ ያረፈው የቤቷ ጥግ ላይ በቆመው መጥረጊያ ላይ ስለነበረ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ሥራቸው ለወጣት ተማሪዎች የሚሆን የኦንላይን ትምህርት ማዘጋጀት ነበር፤ ስለ ዲጂታል ዜግነትና ስለ ዘላቂነት። ስሙ አፍ ይሞላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ስልኩ ውስጥ ሲገባም ሰው ሆኖ እንዲቆይ፣ ያላጣራውን እንዳያወራ፣ የሌላውን ገመና እንዳይበትን፣ ደግሞም ዕቃውንና ምድሩን አሟጦ እንዳይጨርስ ማስተማር ነው። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ቀድሞ ክፍል ገብቶ ያስተምር የነበረ ወጣት ነው። እሱ ማስተማሩን ቢተወውም «መምህር» የሚለው ስም አልተወውም። እሱ ይጽፋል፣ እሷ ትሥላለች።

ለወራት አብረው ሲሠሩ እሱ መልኳን አያውቅም፤ እሷ ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ሲያስብ ጆሮውን እንደሚያሽ፣ ሰው ሲያቋርጠው ተቆጥቶ እንደማያውቅ፣ የግራጫ ሸሚዙ አንገት ላይ አንድ ቁልፍ እንደጎደለ ታውቃለች። ሌሎቹ «እስቲ ዛሬ እንኳ ፊትሽን እንየው» እያሉ ሲቀልዱባት እሱ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ይህን ልብ ብላለች።

በአካል የተገናኙት ባላሰቡት ቦታ ነው። የስልኳ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ቢያነሳባት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለችው ጠባብ የሞባይል መጠገኛ ጎራ አለች። ከፊቷ አንድ ሰው ከሞባይል ሠሪው ጋር ይሟገታል። ድምፁን ስትሰማ እግሯ ከመሬቱ ጋር ተሰፋ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስልክ አልቆለታል» ይላል ሞባይል ሠሪው፤ «አዲስ ግዛ።»

«አልገዛም። እኔ ራሴ ለልጆች ‹ስልካችሁን አስጠግኑ እንጂ አትጣሉ› ብዬ እየጻፍኩ?»

«እንግዲያው ጽሑፉን አስተካክለው።»

«አንዴ ብቻ ክፈተውና እየው፣ በናትህ።»

«ሞቷል አልኩህ እኮ! ውሰድና ቅበረው።»

መምህሩ ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለና አንገቱን ደፋ። «ሲሞት ምን ብሎ ተናዘዘ?» አለ በለቅሶ ቤት ድምፅ። «ቻርጀር አምጡልኝ አላለም?»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ወዲያው ሁለቱንም እጆቿን አፏ ላይ ጫነች፤ እንደሚስቅ ሰው ሳይሆን ጩኸቷን እንደምታፍን ሴት። መምህሩ ዞር ብሎ አያት። ከእጆቿ በላይ የሚታዩት ዓይኖቿ ብቻ ነበሩ፤ የደነገጡ፣ እርጥብ ያሉ።

ያን ጊዜ ዞር ብላ መሄድ ትችል ነበር። እንዳላወቃት ታውቃለች። እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና፣

«የባትሪው ትምህርት ላይ እሳት አልሥልም ብያለሁ» አለች። «ልጆቹ ይፈራሉ።»

አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ፊቱ በራ። «መጥረጊያ!» ብሎ ጮኸ።

«መጥረጊያ ከማዶ ሱቅ ነው» አለ ሞባይል ሠሪው፣ ቀና ሳይል።

እንደገና እጇን አፏ ላይ። እሱም አየ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቢሮ መምጣት ጀመረች። ቢሮው የአሮጌ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ የቆየ ስለሆነ ሰው ሁሉ ደርሶ ሰላምታ የሚሰጠው ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ ነው። ሁለቱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ኃላፊዋ በሐሳቧ «ጉድ ፈላ» ብትልም በአፏ ያለችው ግን «ሥራው ፈጠነ» ብቻ ነው።

«ዘላቂነትን እንዴት አድርገሽ ነው የምትሥይው?» አላት አንድ ቀን።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔማ… ዛፍ።»

«ዛፍ! ዛፍ! ዛፍ! እናንተ ሰዎች ዛፍ ባይኖር ምን ይውጣችሁ ነበር?»

«ሙቀት ነዋ!»

እርሳሷን አነሳች። እሱ ሻዩን እየጠጣ ጠበቃት። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። የአንድ ልጅ ሱሪ ጉልበት ነው፤ ተቀዶ፣ በሌላ ቀለም ጨርቅ በጥንቃቄ ተጠግኗል። ክሩ ሁሉ ይታያል።

«ይኸው» አለች። «ተቀደደ፤ ግን የሚወደው ሰው ስላለ አልተጣለም። ከዚህ በላይ ዘላቂነት አላውቅም።»

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እሷን አያት። «እኔም የምጥል ሰው አይደለሁም» አለ። ስለ ሱሪው ይሁን ስለ ሌላ አላብራራም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጆሮዋ ድረስ ግን ጋላት።

ነገሩ የወጣው በሚቀጥለው ትምህርት ላይ ነው። የጻፈውን እያነበበላት ነበር። «አንድ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሲቀመጥ አየር ላይ አይንሳፈፍም። የሆነ አገር፣ የሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ ማሽን ላይ ነው የተቀመጠው። ማሽኑ ቀን ከሌት ኤሌክትሪክ ይበላል። እንዳይግል ማቀዝቀዣ ይነፋለታል…»

እርሳሷ ቆመ። «የማይረባ ቪዲዮም ቢሆን?»

«የማይረባም ቢሆን።»

«ሰው ማየት የተወው ቢሆንስ?»

«ማንም ባያየውም። እስካልጠፋ ድረስ መብራት ይበላል።»

እርሳሷን አስቀመጠችና ወደ ደረጃው ወጣች። ተከትሏት ሲወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ክንዶቿን ጉልበቷ ላይ አቆላልፋ አገኛት። ከጎኗ ተቀመጠ። ምን ሆንሽ አላላትም። አንድ ሰው እየቃተተ አልፏቸው ወጣ።

«አባቴ ለረጅም ጊዜ ታሞ ነው የሞተው» አለች በመጨረሻ። «ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ታሞም ቀልድ አይተውም ነበር። ራሰ በራ ወንድም አለው፤ አጎቴ። አጎቴ ባርኔጣውን ከራሱ አያወርድም፤ አባቴ ደግሞ ‹ይሄ ባርኔጣ አንድ ቀን ሰው ፊት ጉድ ያደርግሃል› እያለ ዕድሜ ልኩን ሲስቅበት ነው የኖረው።»

«እሺ።»

«በቀብሩ ቀን አስከሬኑን ሲያወርዱ አጎቴ ጎንበስ አለ። ባርኔጣው ወደቀና ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አባቴ ደረት ላይ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ዝም አለ። እኔ ግን የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ‹አላልኩህም?› ሲለው። ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያላየሁ ሰው ነኝ። ሳቅኩ። ሳቅኩ፣ ማቆም አቃተኝ፤ እንባዬ ይወርዳል፣ እስቃለሁ። ከሰዎቹ መሀል አንዱ ስልኩን ደግኖ ነበር።»

የቀረውን በአጭሩ ነገረችው። «አባቷን እየቀበረች የምትስቅ ልጅ» ብለው ለጠፉት። ዘፈን የገጠሙበት አሉ፣ የሳቋን ድምፅ ቆርጠው ለቀልድ የተጠቀሙበት አሉ። በስፌቷ የታወቀችው እናቷ የደንበኞቿን ዓይን መቋቋም አቅቷት የልብስ ስፌት ቤቷን ዘጋች። ታላቅ ወንድሟ ሊያገባ ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች «ከእንዲህ ያለ ቤት አንዛመድም» ብለው ቀሩ። እሷ መሣል ነበር የምትችለው፤ ሣለች፣ ፊቷን ደበቀች፣ ሳቋን በእጇ መድፈን ለመደች።

«አሁን ነው ሰው የረሳን» አለች። «ጋሼ ሌላ ሰው አገኘ። ደግ ልጅ ናት፣ ቤተሰቦቿም አያውቁም። ሰርጉ ደርሷል። እማዬም መርፌዋን አንስታለች።»

ወደ እሱ ማየት ፈራች። አይዞሽ ቢላት፣ ወይም ሰው ክፉ ነው ቢል፣ ተነሥታ ትሄድ ነበር። እሱ ጆሮውን እያሸ፣

«ባርኔጣውስ ወጣ?» አላት።

«አልወጣም» አለች። «አባቴ ጋ ነው ያለው።»

ሳቀች። በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንዳሉ ቀሩ። የፊት ጥርሶቿ መሀል ትንሽ ክፍተት እንዳለ ያን ቀን አየ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞርባትም አልሸሸችም፤ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች። ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ ማንም በዚያ ደረጃ ባላለፈ ነበር፤ አሁን ግን የሚወጣው የሚወርደው ሁሉ አያቸው። ግድ አልሰጣትም።

«አደራ» አለችው ስትነሣ።

«አደራ በልቼ አላውቅም» አላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ አጭር ነበር፤ ግን ደግ ነበር። ከሥራ ሲወጡ አውቶቡሱን አንዴ፣ ሁለቴ ያሳልፉታል፤ «የሚቀጥለው ባዶ ይሆናል» ይባባላሉ፣ የሚቀጥለውም ሞልቶ ይመጣል፣ ደስ ይላቸዋል። የጎደለችውን የሸሚዙን ቁልፍ ሰፋችለት። «እናትሽን ላናግር» ሲላት «ጋሼ ያግባ፤ ከዚያ በኋላ» ትለዋለች። «ለጋሼ ሰርግ እኮ ካንቺ ይልቅ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» ይላል። ትስቃለች፤ እጇን አታነሣም።

ለሰርጉ ጥቂት ሲቀር ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ለሙሽሮቹ የተሰጠውን ክፍል ከእናቷ ጋር ቀለም እየቀቡ ነበር። ነጭ ቀለም የነካውን እጇን በጨርቅ ጠርጋ ላፕቶፗን ስትከፍት የኃላፊዋን መልእክት አገኘች። «አምስተኛው ትምህርት፣ ‹ከማጋራታችሁ በፊት›። መምህር አንጀት የሚበላ ታሪክ ነው የጻፈልን። ለሙከራ ለጥፈነዋል፣ ትምህርት ቤቶቹ እጅግ ወደውታል። ሥዕል ብቻ ነው የቀረው፤ አንቺ ስትመለሺ ይገባል። እንባ የሚያመጣ አድርጊው።»

ከፈተችው።

«አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ በተቀበረችበት ቀን፣ የአክስቷን ጃንጥላ ነፋስ ነጥቆ ጉድጓዱ ውስጥ ጣለው…»

እስከ መጨረሻው አነበበችው። ጽሑፉ ያምር ነበር። ያም ነው ክፋቱ። «ሳቅ አንዳንዴ መንገድ የጠፋበት ለቅሶ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፤ ስለ እሷ ከዚያ የተሻለ ነገር ተጽፎ አያውቅም። ከታሪኩ ሥር ጥያቄ አለ፤ «እናንተ ብትሆኑ ቪዲዮውን ታጋሩት ነበር?» ከጥያቄው ሥር የተማሪዎች መልስ። «በፍጹም!» «ያሳዝናል!» «ይቺማ ያቺ የጥንቷ ልጅ አይደለችም እንዴ?» «አዎ አዎ፣ ቪዲዮው ይኸው።» ከዚያ ሊንኩ። ከዚያ የሚስቁ ፊቶች፣ ተደርድረው።

ደወለችለት። ገና «ሄሎ» ሲል፣

«አምስተኛውን አየሁት» አለችው።



«ላሳይሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ስትመለሺ። እኔ ለኃላፊያችን የላክሁላት እንድታየው ብቻ ነበር፣ እንደምትለጥፈው አላውቅም… ስሚኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንቅልፍ ያስወስዳል አለችኝ። ልጆቹ ‹የሰው ገመና አትበትኑ› ብትያቸው አይሰሙም። ሰው ማየት አለባቸው። አንቺን ልከላከልልሽ ብዬ ነው። ጥፋት እንደሌለብሽ ዓለም እንዲያውቅ…»

«ዓለም ረስቶኝ ነበር እኮ!»

እናቷ ብሩሿን ይዛ በር ላይ ብቅ አለች። በእጇ ምንም አይደለም አለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሁሉንም ቀይሬዋለሁ» አለ መምህሩ። ድምፁ ይሰበር ጀመር። «አባትሽን እናት አድርጌዋለሁ። አጎትሽን አክስት። ባርኔጣውን ጃንጥላ…»

«ሳቁን አልቀየርከውም» አለችው።



ጽሑፉን በዚያው ሰዓት አስወረደው። ኃላፊዋ ላይ ጮኸ ተባለ፤ ሰው ላይ ጮኾ የማያውቅ ሰው። ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ትምህርቱ ሲታቀድ ትልቁ ኩራታቸው «ማንም ይቅዳው፣ ማንም ያባዛው፣ ነፃ ነው» የሚለው ነበር። ትምህርት ቤቶች ቀድተውት ነበር። ተማሪ ለተማሪ ልኮት ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ክፉ አልነበሩም፤ እንዲያውም አዝነው «ምስኪን፣ እስቲ እዩዋት» እያሉ ነው ቪዲዮውን የተቀባበሉት። አንዱ አስተማሪ ለቤት ሥራ ሰጠው። ሰንበት ሳይል አሮጌው ሳቅ ከድሮው በላይ አገር አዳረሰ፤ አሁን ደግሞ ከሥሩ ምክር ተጽፎበት።

ወንድሟ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፍሬን የማይዙ ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ የማይቆጣ ሰው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለወትሮው በጊዜ መጣ። ወደ አዲሱ ክፍል ገባና ገና በላስቲክ እንደተጠቀለለ ባለው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳው ቀለም ቀለም ይሸታል። ተከትላው ገባች።

«ደወለች» አለ። «አባቷ አይተውታል። እሷ እንኳ… አለቀሰች። ምን ታድርግ።»

«ጋሼ…»

«ማነው የነገረው? ያንን የጻፈው ሰው። የሳቅሽው በባርኔጣው እንደሆነ እኮ ከኛ በቀር ማንም አያውቅም ነበር።»

መዋሸት ትችል ነበር። «እኔ ነኝ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ለረጅም ጊዜ አያት። «ትወጂዋለሽ?»

ዓይኗን ሰበረች።

«ትወጂዋለሽ ማለት ነው» አለ። ላስቲኩን በመዳፉ እያስተካከለ፣ «እኔም እወዳት ነበር» አለና ተነሥቶ ወጣ። ቢጮህባት፣ ቢመታት እንኳ ይሻላት ነበር።

መምህሩ ሳይጠራ መጣ። እጅ መንሻ የሚሆን ነገር እንኳ ሳይዝ፣ ባዶ እጁን፣ ያንኑ ግራጫ ሸሚዝ ለብሶ። ወንድሟ በር ከፈተለት፤ ማን እንደሆነ ሲነግረው ሳያናግረው ገለል አለለትና ወደ ጓዳ ገባ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ነበረች፤ መኪናው ላይ ግን ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች። ሊንበረከክ ሲል «ተው፣ ወንበር አለ» አለችው።

«እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ምንም የለባትም። እርስዎ አድርግ ያሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ።»

«ከሰው ስልክ ውስጥ ታወጣዋለህ?»

«አልችልም።»

«ልጄ አግብቶ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ልጅቷን ታመጣለታለህ?»

«አልችልም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ምን አድርግ ልበልህ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አየህ ልጄ፣ ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ያንን ስልኩን የደገነውን ሰው ረግሜዋለሁ፤ በረገምኩት ቁጥር ትንሽ ይወጣልኛል። አንተን ግን ይሄው ዓይንህን ሳየው ደግ ነህ። ደግ ሰውን እንዴት አድርገው ይረግሙታል? ውስጤ ቀረህብኝ እኮ።»

አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እናቷ ውሃ አስመጣችለት። ጠጣ።

ሠዓሊዋ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ላይ ውሃ አቁሯል። ጎረቤት ልጆች መስኮት ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲያርፍባት ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

«ይቅር አትይኝም?» አላት።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ማታለልህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንሂድ። ሌላ ከተማ፣ ማንም የማያውቀን…»

«እሱ ቪዲዮ የማይደርስበት ከተማ የት አለ? አንተ አይደለህ እንዴ የጻፍከው?»

«ቢሆንም አብረን እንሁን። ስድቡም አብረን ይድረሰን።»

ሸሚዙን አየች። የሰፋችው ቁልፍ ከሌሎቹ ትንሽ ይለያል። ልትነካው እጇን አንሥታ መለሰችው።

«ስማኝ» አለችው። «እኔ ለሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። ላንተ ነገርኩ፣ ቀለለኝ። ደረጃው ላይ ስትሰማኝ ‹በቃ፣ ከዚህ ሰው ጋር አፌን ሳልጠብቅ እኖራለሁ› አልኩ። የወደድኩህ ለዚህ ነው፣ ለሌላ አይደለም። አሁን ግን አጠገብህ ስቆም ቃል እየመረጥኩ ነው። ይሄው አሁን፣ እያወራሁህ፣ ‹ይሄን ይጽፈው ይሆን?› እላለሁ።»

«አልጽፈውም! ከእንግዲህ አንድም ቃል…»

«አውቃለሁ። ግን ልቤ አያውቅም። ከምፈራው ሰው ጋር መኖር እችላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እየወደድኩት ከምፈራው ሰው ጋር ግን አልችልም።»

ብዙ ነገር ሊላት የፈለገ ይመስል ነበር። «ደህና ሁኚ» አለ በመጨረሻ። ውሃ ያቆረበትን ሳያይ እየረገጠ ሄደ። መታጠፊያው ላይ ቆመ፤ ዞር ብሎ ያያታል ብላ ጠበቀች። አልዞረም። ምናልባት አልቻለም።

እሱ ሥራውን ለቀቀ። ጀምራ መተው አልሆነላትምና እሷ የቀሩትን ሥዕሎች ከቤቷ ሆና ጨረሰች። አምስተኛው ትምህርት በሌላ ሰው ተጻፈ፤ አጭርና ደረቅ ነው፣ ምሳሌ የለውም፣ እንቅልፍ ያስወስዳል። ትምህርቱ በተመረቀ ጊዜ ብዙ ተጨበጨበለት ይባላል። አልሄደችም። ወንድሟ አላገባም፤ አዲሱን ክፍል እናትየው ለጨርቅ ማስቀመጫ አደረገችው፤ የሚሰፋ ባይኖርም። እሱም ከዚያ ወዲህ እህቱን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራትም። እራት ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ይላታል፣ ታቀብለዋለች።

ሰው የታመመ ጥርሱን በምላሱ እንደሚነካካ፣ ሠዓሊዋ አልፎ አልፎ ቪዲዮውን ትፈልገዋለች። የት የት እንዳለ በቃሏ ታውቃለች። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን፣ ከቆዩት ገጾች አንዱ ላይ ስትገባ ቪዲዮው የለም። «በቀረበ አቤቱታ ምክንያት ተነስቷል» ይላል። ስህተት መሰላት። ከርሞ ሌላው ጠፋ። ከዚያ ሌላው። እሷ ድሮ ለብዙዎቹ ጽፋ ነበር፤ አንዱም መልስ አልሰጣትም፤ አንዱን ገጽ ለማስነሣት ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለበት፣ ምን ያህል ማስረጃ፣ ምን ያህል ልመና እንደሚጠይቅ ታውቃለች።

የመምህሩን ስም ከስልኳ አልሰረዘችም ነበር።

«አንተ ነህ?» ብላ ጻፈችለት።

«አዎ» አላት።

«አያልቅም እኮ። አንዱን ስታስነሣ ሌላው ይለጥፈዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

እየጻፈ እንደሆነ ምልክቱ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ብዙ ጽፎ ብዙ እንዳጠፋ ገባት። በመጨረሻ የመጣው አጭር ነበር።

«ሌላ የማደርግልሽ ነገር ስለሌለኝ።»

እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ትጠራታለች። ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠርጋ እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦ «በቃህ፣ ተወው። ሰው ፈልግ። አግባ። ኑር።»

«እሺ» አላት።

በሳምንቱ ሌላ ገጽ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ሁለት አዳዲስ ተለጠፉ። እሷ ዳግመኛ አልጻፈችለትም፤ እሱም አልተወም።